ያገለገለ መኪና ገዝተው ወዲያው ቢበላሽብዎ፦ መብትዎን ደረጃ በደረጃ ለማስከበር

ያገለገለ መኪና ገዝቶ ሳምንት ሳይሞላው መንገድ ላይ የቆመበት ሰው መጀመሪያ የሚለው «ተታለልኩ» ነው። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ዳኛ ፊት ሲቀርብ ግን የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ይህ ጉድለት መኪናውን በተረከቡበት ዕለት ነበረ ወይስ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው? ሻጩ ክፉ ሰው መሆኑን ማስረዳት አይጠበቅብዎትም፤ በብዙ አገሮች ሕግ ጉድለቱን ጨርሶ የማያውቅ ቅን ሻጭም ኃላፊ ይሆናል። በአንጻሩ ሻጩ የለየለት አጭበርባሪ ቢሆን እንኳ፣ ጉድለቱ በርክክቡ ዕለት እንደነበረ የሚያሳይ ነገር በእጅዎ ከሌለ መብትዎ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ከዚህ በታች ካሉት ደረጃዎች የሚበዙት ስለ ሕግ ሳይሆን ስለ ማስረጃ ናቸው። ቅደም ተከተላቸውን ይጠብቁ። ሰው መብቱን የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ አስጠግኖ፣ ቀጥሎ ተጣልቶ፣ በመጨረሻ ደብዳቤ ሲጽፍ ነው።

1. መኪናውን ያቁሙ፣ ያዩትን ይመዝግቡ

የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ሲጠጋ፣ የዘይት መብራት ሲበራ ወይም ከሞተሩ የብረት ድምፅ ሲመጣ ዳር ይዘው ያጥፉ። «እንደምንም ጋራዥ ልድረስ» ብለው የሚነዷቸው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሁለት ጊዜ ያስከፍሉዎታል። የሚያፈስ ራዲያተር በራሱ ትንሽ ጉዳይ ነው፤ ሞተሩ እየጋለ ተነድቶ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ከተጣመመ ግን ትልቅ ጥገና ይመጣል። ሻጩ የመጀመሪያውን ጉድለት ቢያምን እንኳ ሁለተኛውን «ራስህ ያመጣኸው ነው» ይላል። ሕጉም ብዙ ጊዜ ይደግፈዋል፤ ተጎጂ ጉዳቱ እንዳይባባስ የሚችለውን ማድረግ ይጠበቅበታልና። መኪናውን አስጎትተው ይውሰዱ፤ የመጎተቻውን ደረሰኝ ያስቀምጡ፣ ኋላ በወጪ ዝርዝርዎ ውስጥ ይገባል።

ከዚያ ስልክዎን ያውጡ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውና የበሩት የማስጠንቀቂያ መብራቶች በአንድ ላይ እንዲታዩ አድርገው ዳሽቦርዱን ፎቶ ያንሱ። ድምፅ ካለ በቪዲዮ ይቅረጹ። ከመኪናው ሥር የሚፈስ ነገር ካለ ነጭ ወረቀት ያስነኩትና ቀለሙን ያንሱ፤ ጠቆር ያለው ብዙውን ጊዜ የሞተር ዘይት ነው፣ ቀላ ያለው ከአውቶማቲክ ካምቢዮ ሊሆን ይችላል፣ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ከሆነ የራዲያተር ፈሳሽ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ከሁሉም በላይ ከርክክቡ ወዲህ የተነዳውን ርቀት ይጻፉ። «ስድስት ቀን ሆኖኛል» ከማለት «240 ኪሎ ሜትር ብቻ ነድቼዋለሁ» ማለት የበለጠ ይናገራል፤ በ240 ኪሎ ሜትር ውስጥ ጤነኛ ሞተር እንደማያልቅ ማንም መካኒክ ይመሰክራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ግን ክርክር ሊያስረታ የሚችል ነገር አለ። በአሜሪካ ከ1996 የምርት ዘመን ጀምሮ፣ በአውሮፓ ደግሞ በቤንዚን መኪኖች ላይ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መኪኖች ብልሽታቸውን በኮድ የሚመዘግብ ኮምፒውተር እንዲኖራቸው ግዴታ ሆኗል። መካኒኮች መመርመሪያ መሣሪያ ሲሰኩ ኮዱን አንብበው ወዲያው የማጥፋት ልማድ አላቸው። ይህን እንዳያደርጉ አስቀድመው ይንገሯቸው። ኮዱ ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ በዚያች ቅጽበት የነበረውን ፍጥነት፣ የሞተሩን ዙርና ሙቀቱን አብሮ ይይዛል፤ ኮዱ ሲጠፋ ይህም ይጠፋል። በተጨማሪ ብዙ መኪኖች «ኮድ ከጠፋ ወዲህ የተነዳ ርቀት» የሚል ቁጥር ያስቀምጣሉ። መካኒኩ ይህን ቁጥር እንዲያሳይዎ ይጠይቁና የስክሪኑን ፎቶ ይያዙ። ቁጥሩ 262 ኪሎ ሜትር ቢልና እርስዎ የነዱት 240 ብቻ ቢሆን፣ አንድ ሰው ከርክክቡ 22 ኪሎ ሜትር ቀደም ብሎ የኮምፒውተሩን ማስታወሻ አጽድቷል ማለት ነው። ባትሪ ሲነቀልም ማስታወሻው ሊጸዳ ስለሚችል ይህ ብቻውን ማጭበርበርን አያረጋግጥም። ከሌላ ምልክት ጋር ሲቀርብ ግን ሻጩ ማስረዳት የሚኖርበት ጥያቄ ይሆናል።

2. ሻጩ ማን እንደሆነ ይለዩ

መብትዎ ከነጋዴ ሲገዙና ከግለሰብ ሲገዙ አንድ አይደለም። ልዩነቱም እንደ አገሩ ይሰፋል ይጠባል።

በእንግሊዝ የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ ከነጋዴ የተገዛ መኪና በዕድሜው፣ በዋጋውና በተሰጠው መግለጫ መጠን አጥጋቢ ጥራት እንዲኖረው ያስገድዳል። ከግለሰብ ሲገዙ ግን ይህ ጥበቃ የለም፤ የሚቀርዎት ሻጩ ስለ መኪናው የተናገረው ወይም የጻፈው ሐሰት ከሆነ በዚያ መጠየቅ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራው የሸቀጦች ሽያጭ መመሪያ ነጋዴውን ለ2 ዓመት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ አገሩ ከፈቀደ ላገለገለ ዕቃ በስምምነት ሊያጥር ይችላል፣ ከ1 ዓመት በታች ግን አይወርድም። የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከዚህ ሌላ ለተሰወረ ጉድለት ግለሰቡንም ሻጭ ይጠይቃል፤ ክሱ የሚቀርበው ጉድለቱ ከታወቀ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። የኢትዮጵያም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች የተሸጠው ነገር ከውሉ ጋር እንዲስማማና ጉድለት እንዳይኖርበት ሻጩን ዋስ ያደርገዋል።

በአሜሪካ ነገሩ ጠበቅ ይላል። በ12 ወር ውስጥ ከ5 በላይ ያገለገሉ መኪኖች የሚሸጥ ነጋዴ በመኪናው መስኮት ላይ የገዢ መረጃ ወረቀት እንዲለጥፍ የፌዴራል ደንብ ያስገድደዋል፤ ወረቀቱ መኪናው ከነዋስትናው ወይስ ያለ ዋስትና እንደሚሸጥ ይናገራል። በብዙ ግዛቶች «ያለ ዋስትና» የሚለው ሣጥን ላይ ምልክት ካለ መንገዱ ጠባብ ነው። እንደ ኒው ዮርክ ያሉ ጥቂት ግዛቶች ግን ከነጋዴ ለሚገዛ ያገለገለ መኪና የግድ ዋስትና ደንግገዋል። እዚያ በሽያጩ ጊዜ ከ36,000 ማይል ያልበለጠ የተነዳ መኪና የ90 ቀን ወይም የ4,000 ማይል ዋስትና ያገኛል፤ ማይሉ ሲጨምር ዋስትናው ያጥራል፣ ከ100,000 ማይል በላይ ለተነዳ ደግሞ የለም። «በ3 ቀን ውስጥ የመመለስ መብት አለኝ» የሚለው በሰፊው የሚነገር እምነትም እዚያው አሜሪካ ከመሸጫው ቦታ ለተገዛ መኪና አይሠራም። የፌዴራሉ ደንብ የተጻፈው ቤት ለቤት ለሚዞር ሽያጭ ነው።

ደላላ በመሠረቱ ሻጭ አይደለም፤ የሚጠየቀው በውሉ ላይ ሻጭ ተብሎ የፈረመው ሰው ነው። ደላላው ከራሱ አፍ የሐሰት መግለጫ ሰጥቶ ከሆነ ግን እሱን ለብቻው መጠየቅ ይቻላል። ራሱን ግለሰብ አስመስሎ የሚሸጥ ነጋዴም አለ፤ በአንድ ስልክ ቁጥር ሦስት አራት መኪና ያስተዋወቀ፣ ስሙ በባለቤትነት ደብተሩ ላይ የሌለ፣ መኪናውን ለምን ያህል ጊዜ እንደነዳው ሲጠየቅ የሚያመነታ ሰው ይጠርጠር። ማስታወቂያዎቹን ሳያጠፋቸው ፎቶ ያንሱ። ጨረታ ላይ የተገዛ መኪና ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ጥበቃዎች ውጭ ስለሚሆን የጨረታውን ደንብ ለብቻው ያንብቡ።

3. ጉድለት ነው ወይስ ድካም?

ክርክሩ ሁሉ የሚሸነፈውም የሚረታውም እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ወስደው ይዩት።

ያገለገለ መኪና ያለቀ የፍሬን ሸራ፣ የደከመ ባትሪ ወይም የሳሳ ጎማ ቢኖረው ሕግ አይደነግጥም። እነዚህ በተፈጥሯቸው እያለቁ የሚለወጡ ናቸው። ፍሪሲዮንም ብዙ ጊዜ በዚሁ ይመደባል። 200,000 ኪሎ ሜትር የተነዳ መኪና ዘይት ቢበላ ዳኛው ትከሻውን ሊነቀንቅ ይችላል፤ 40,000 የተነዳ መኪና ተመሳሳይ ነገር ቢያደርግ ግን ጉድለት ነው። መለኪያው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ርቀትና በዚህ ዋጋ መኪና የሚገዛ አስተዋይ ሰው ይህን ይጠብቅ ነበር? ሽያጩ ሲፈጸም በዓይን የሚታይ የነበረ ወይም ሻጩ አስቀድሞ የነገረዎ ነገርም አያስጠይቅም።

የተሰወረ ጉድለት ግን ዱካ አለው። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ቅባት መኖር ውሃ ከዘይት ጋር መቀላቀሉን ይጠቁማል፤ አጭር ጉዞ ብቻ የሚያደርግ መኪና ላይ በእንፋሎት ምክንያት ትንሽ ሊታይ ስለሚችል ከዘይት መለኪያው ዘንግ ጋር አስተያይተው ይወስኑ። ራዲያተሩ ውስጥ ቡናማ አተላ ወይም የሚያብረቀርቁ ቅንጣቶች ከተገኙ ምናልባት የፍሳሽ መድፈኛ ዱቄት ተጨምሮበታል። የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ተነቅሎ ወጥቶ ከሆነ አንድ ሰው የሙቀቱን ችግር ሳይጠግን ደብቆታል። በአሮጌና አቧራ በለበሰ ሞተር ላይ አዲስ ሲሊከን ሲታይ፣ ዘይቱ ደግሞ ከልክ በላይ ወፍሮ ድምፅ ለማፈን የሚጨመር ማወፈሪያ ሲሸት፣ እነዚህ በስድስት ቀን ውስጥ እርስዎ ያደረጓቸው እንዳልሆኑ ለማንም ግልጽ ነው።

የተሰበረ ብረት ካለ ስብራቱን ቀረብ ብለው ይዩት። ቀድሞ የተሰነጠቀው ክፍል ጠቁሮ ወይም ዝጎ ይገኛል፤ በመጨረሻው ቅጽበት የለቀቀው ክፍል ደግሞ እንደ አሸዋ ሻካራ ሆኖ ያበራል። ሁለቱ ቀለሞች በአንድ ስብራት ላይ ሲታዩ ስንጥቁ ከብልሽቱ ቀደም ብሎ መጀመሩን ይናገራሉ። ይህን ክፍል በደንብ በርቶ ፎቶ ያስነሱት፤ ማንም በጨርቅ ወይም በብረት ብሩሽ እንዳይነካው።

የሞተር መብራትንም ይፈትሹ። ቁልፍ ሲዞር፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ መብራቱ መብራትና ሲነሳ መጥፋት አለበት። ጨርሶ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም ተነቅሏል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሶ እንደሆነ ከጠረጠሩ ደግሞ በሞተር ክፍሉ ወይም በበሩ ጠርዝ ላይ የተለጠፉ የዘይት ለውጥ ወረቀቶችን፣ የቀድሞ የቴክኒክ ምርመራ ሰነዶችንና የጥገና ደረሰኞችን ይፈልጉ፤ በማናቸውም ላይ ከአሁኑ የሚበልጥ ቁጥር ከተገኘ ጉዳዩ ከጉድለት አልፎ ማታለል ይሆናል። የፔዳሎቹ ጎማና የመሪው ቆዳ አልቆ ቆጣሪው 60,000 ማለቱ ጥርጣሬ ያጭራል እንጂ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

4. ሳይፈታ ያስመርምሩት

ከሻጩም ከእርስዎም ጋር ዝምድና የሌለው ጋራዥ ይምረጡ። የአጎትዎ ልጅ የቱን ያህል ጎበዝ መካኒክ ቢሆን ለዚህ አይሆንም። የሚጠይቁት ሪፖርት «ሞተሩ ተበላሽቷል» የሚል ከሆነ ገንዘብዎን አባክነዋል። ሪፖርቱ ሦስት ነገር ይመልስ፦ ምን ተበላሸ፣ ምክንያቱ ምንድን ነው፣ በባለሙያው አስተያየት ጉድለቱ በርክክቡ ዕለት ነበረ ወይ፣ ለዚህስ ምልክቱ ምንድን ነው። የሻሲ ቁጥር፣ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር፣ ቀን፣ ስምና ፊርማ ይኑርበት።

ሞተር ወይም ካምቢዮ መፈታት ካለበት ግን ይቆዩ። መጀመሪያ ለሻጩ እንዲያይ ዕድል ይስጡት። ሳያይ ከተፈታ «መካኒክህ ነው ያበላሸው» የሚል መልስ ይመጣል፤ ይህ መልስ ብዙ ጊዜ ሰበብ ቢሆንም ለመመለስ ግን ያስቸግራል። ሻጩ ቀጠሮ ተሰጥቶት ሳይመጣ ቢቀር፣ በጽሑፍ መጠራቱ በቂ ነው፤ ያስፈቱና እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶ ያስነሱ። የወጡት ዕቃዎች የእርስዎ ናቸው። ጋራዡ እንዳይጥላቸው ይንገሩ፤ በከረጢት አሽገው ቀን ጽፈውባቸው ያስቀምጡ።

5. በጽሑፍ ያስታውቁ

ስልክ መደወል ክፉ አይደለም፤ ጨዋ ሻጭ በስልክ ብቻ ጉዳዩን ሊጨርሰው ይችላል። ስልክ ግን ቀን አይቆጥርም። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2292 ገዢው ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ፣ የጉድለቱን ዓይነት ገልጾ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል፤ ክሱም ከማስታወቂያው ጀምሮ በ1 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በእንግሊዝ መኪናውን መልሶ ሙሉ ገንዘብ የመቀበል መብት የሚቆየው 30 ቀን ነው። እነዚህን ቀኖች የሚያስቆጥረው ወረቀት ነው። በአደራ ደብዳቤ ወይም ፈርሞ በሚቀበል ሰው ይላኩ፤ ቅጂውን በኢሜይልና በስልክ መልእክትም ይድገሙት።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ስድብ፣ ዛቻና የልብ ቁስል አይግባበት። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ በሸጡልኝ መኪና ላይ የተገኘ ጉድለትን ስለማስታወቅ

በ… ቀን በተፈረመ ውል የሻሲ ቁጥሩ … የሆነውን መኪና ከእርስዎ ገዝቼ በዚያው ዕለት ተረክቤያለሁ። በርክክቡ ጊዜ ቆጣሪው … ኪሎ ሜትር ያሳይ ነበር። 240 ኪሎ ሜትር ከነዳሁ በኋላ በ… ቀን የሞተሩ ሙቀት ከልክ በላይ ጨምሮ መኪናው ቆሟል። ከዚህ ጋር የተያያዘው የባለሙያ ሪፖርት በራዲያተሩ ውስጥ የፍሳሽ መድፈኛ ቅሪት፣ በሞተር ዘይቱም ውስጥ ውሃ መገኘቱን ይገልጻል። ጉድለቱ በርክክቡ ዕለት የነበረ በመሆኑ በሻጭነትዎ ኃላፊ ነዎት።

መኪናው ሳይፈታ በ… ቆሟል። እስከ … ቀን ድረስ በራስዎ ወይም በመረጡት መካኒክ እንዲያዩት እጠይቃለሁ። እስከ … ቀን ድረስ በወጪዎ እንዲያስጠግኑልኝ፣ ይህ ካልሆነ ውሉ ፈርሶ የከፈልኩት ገንዘብና ያወጣሁት ወጪ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።»

የሚሰጡት ቀን ምክንያታዊ ይሁን፤ ለማየት አንድ ሳምንት፣ ለመጠገን ሁለት ሳምንት አብዛኛውን ጊዜ ያስኬዳል።

6. የሚጠይቁትን ይምረጡ

ያለዎት ምርጫ በመሠረቱ ጥገና፣ መተካት፣ የዋጋ ቅናሽና ውሉን ማፍረስ ነው። ያገለገለ መኪናን በትክክል በሚመስለው ሌላ መተካት ስለሚያስቸግር መተካት ብዙም አይሆንም። ከቀሩት ሦስት የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው የጉድለቱ ክብደትና በመኪናው ላይ የቀረዎት እምነት ነው። አንዴ የጋለ ሞተር በርካሽ ሰው እጅ «ተጠግኖ» ቢመለስልዎ ችግሩን አራዝመው ተረከቡት ማለት ነው፤ የጥገናውን ቦታ እርስዎ እንዲስማሙበትና ለጥገናው ዋስትና እንዲሰጥ በጽሑፍ ይጠይቁ።

የእንግሊዙን የ30 ቀን መብት የሚጠቀም ሰው ግን ደብዳቤውን ሌላ መልክ ይስጠው፤ «መኪናውን አልተቀበልኩም፣ ገንዘቤ ይመለስ» ይበል እንጂ ጥገና አይለምን። ጥገና ከተስማሙ ቆጠራው ይቆማል፤ መኪናው ሲመለስ የቀረው ጊዜ፣ ከ7 ቀን ያነሰ ከሆነ ደግሞ 7 ቀን ይኖርዎታል። በእነዚህ 30 ቀኖች ውስጥ ጉድለቱ ቀድሞ እንደነበር ማስረዳት የገዢው ነው። ከዚያ በኋላ በሚጠየቀው ጥገና ወይም የመጨረሻ የመመለስ መብት (ጥገናው ሳይሳካ ሲቀር መኪናውን መመለስ) ላይ ግን ለመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ሸክሙ ወደ ሻጩ ይዞራል፤ እዚያ ላይ ደግሞ ለነዱበት ርቀት ከሚመለሰው ገንዘብ ሊቀነስ ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት የማስረዳት ሸክሙ በሻጩ ላይ የሚቆየው ቢያንስ ለ1 ዓመት ነው።

የዋጋ ቅናሽ ሲጠይቁ የጥገናውን ዋጋ ብቻ አይጥሩ። ተመጣጣኙ ስሌት እንዲህ ነው፦ መኪናው ጤነኛ ቢሆን 100 የሚያወጣ፣ ከነጉድለቱ 70 የሚያወጣ ከሆነ ዋጋው በ30 በመቶ ወርዷል፤ የከፈሉት 90 ቢሆን የሚቀነሰው 27 ነው።

ውሉን ለማፍረስ ከወሰኑ መኪናውን መንዳት ያቁሙ። «አልተቀበልኩም» ብለው ጽፈው በማግስቱ ገበያ የሚሄዱበት ከሆነ ደብዳቤዎ ውሃ አያነሳም።

7. «ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» ብለው ፈርመው ከሆነ

ብዙ ሰው ይህችን ሐረግ ሲያይ ተስፋ ይቆርጣል። ቸኩለዋል። በእንግሊዝና በአውሮፓ ኅብረት ነጋዴ የሸማችን መብት በእንዲህ ያለ ሐረግ ሊያስቀር አይችልም። ጉድለቱን እያወቀ ለደበቀ ሻጭም፣ ግለሰብ ቢሆን እንኳ፣ ሐረጉ በአብዛኞቹ የሕግ ሥርዓቶች መጠለያ አይሆነውም። የራዲያተር መድፈኛው፣ የተነቀለው ቴርሞስታትና የጸዳው ኮድ የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው፤ ሻጩ ማወቁን የሚያሳዩት እነሱ ናቸው። ማስታወቂያው ላይ «ሞተሩ እንከን የለውም» ተብሎ ከነበረ ይህም ቃል ነው፣ በውሉ ላይ ባለ ጥቅል ሐረግ በቀላሉ አይሻርም።

ሐረጉ በትክክል የሚጎዳዎት ከቅን ግለሰብ ሲገዙና በአሜሪካ ያለ ዋስትና ሲገዙ ነው። ያኔ በደብዳቤ ብዙ ከመድከም በፊት አንድ ጠበቃ ያማክሩ።

በነገራችን ላይ ይህ ክርክር የመኪና ዘመን ፈጠራ አይደለም። የጥንት ሮማ የገበያ ሹማምንት የጋማ ከብት ሻጮች ጉድለቱን በግልጽ እንዲናገሩ ያስገድዱ ነበር፤ ያልተናገረ ሻጭ ባያውቀውም በ6 ወር ውስጥ ውሉ ሊፈርስበት፣ በ1 ዓመት ውስጥ ዋጋው ሊቀነስበት ይችል ነበር። ዛሬ የብዙ አገሮች የፍትሐ ብሔር ሕጎች የሚደግሙት ይህንኑ ነው።

8. ሻጩ ጆሮ ዳባ ልበስ ካለ

ሁለተኛና የመጨረሻ ደብዳቤ ይጻፉ፤ ቀን ቁረጡለትና ከዚያ በኋላ ምን እንደሚያደርጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሩት። ከዚያ በፊት ግን ገንዘቡ ከየት እንደወጣ ያስቡ። መኪናውን በብድር ወይም በክሬዲት ካርድ ገዝተው ከሆነ አበዳሪውም የሚጠየቅባቸው አገሮች አሉ፤ በእንግሊዝ የ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ ይህን ይፈቅዳል። ሻጩ ጠፍቶ ባንኩ ግን ባለበት ሊኖር ስለሚችል ይህ መንገድ ከፍርድ ቤት ይፈጥናል። ብድሩን በንዴት መክፈል ግን አያቋርጡ፤ ያ ሌላ ክስ ይጠራል።

ቀጥሎ ያለው የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት ወይም የነጋዴዎቹ ማኅበር የሽምግልና አገልግሎት ነው። ካልሆነ ፍርድ ቤት፤ በብዙ አገሮች ለአነስተኛ ገንዘብ ያለ ጠበቃ የሚቀርቡበት ቀለል ያለ ችሎት አለ። ፋይልዎ ውሉን፣ የክፍያ ማስረጃውን፣ ማስታወቂያውን፣ ፎቶዎቹን፣ ሪፖርቱን፣ ደብዳቤዎቹንና ደረሰኞቹን በቀን ቅደም ተከተል የያዘ ይሁን። ዳኛ ሥራ ይበዛበታል፤ አንድ ገጽ የጊዜ ዝርዝር ከፊት ቢያስቀምጡ ያመሰግንዎታል።

የይርጋውን ቀን፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው ጊዜ የሚያበቃበትን፣ በቀን መቁጠሪያዎ ላይ ምልክት ያድርጉ። «በሚቀጥለው ሳምንት እንጨርሳለን» እያለ ወራት የሚያሳልፍ ሻጭ ቀኑን የሚያውቅ ሻጭ ነው። ድርድር በብዙ ቦታ ይርጋን አያቆምም።

9. ስምምነት ላይ ከደረሱ

ገንዘቡ ሳይገባ «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት አይፈርሙ። ዋጋ ተቀንሶ መኪናው የሚቀርልዎት ከሆነ ቅናሹ የሚመለከተው የትኛውን ጉድለት እንደሆነ ይጻፍ፤ ካምቢዮው በሁለተኛው ወር ቢወድቅ የራዲያተሩ ስምምነት እንዳያስርዎት።

መኪናው የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ቁልፉን ሲሰጡ የርክክብ ወረቀት ያስፈርሙ፤ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር፣ ሰዓቱንና የተመለሱትን ሰነዶች ይዘርዝር። በስምዎ የተገባ መድን ካለ ለመድን ድርጅቱ ያሳውቁ፤ ያልደረሰው ጊዜ ክፍያ ሊመለስልዎ ይችላል። ባለቤትነቱ ወደ እርስዎ ተዛውሮ ከነበረ መልሶ እስኪዛወር ድረስ ጉዳዩ አልተዘጋም። ሻጩ ነገ ሌላ ሰው ላይ ሸጦት ያ ሰው አደጋ ቢያደርስ፣ ፖሊስ መጀመሪያ የሚያንኳኳው መዝገቡ ላይ ያለው ሰው በር ነው።